ሰርጀክቲቭ ፈንክሽን

ሰርጀክቲቭ ፈንክሽን በሒሳብ ጥናት የመድረሻ ስብስቡን አባላት አንድም ሳያስቀር የሚያዳርስ ፈንክሽን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይበልጥ የሚያውቁት ኦንቱ ፈንክሽን በሚለው ስሙ ሲሆን ሁለቱም ስሞች የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው። አንድ ፈንክሽን ሰርጀክቲቭ ነው ማለት፣ ስለ ማንኛውም የመድረሻ አባል «ይህን ውጤት የሚሰጥ መነሻ አለ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው ማለት ነው።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። የስህተቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀመሩን ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። ቀመር ብቻውን ስለ ሰርጀክቲቭነት ምንም አይናገርም፤ ፈንክሽኑ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ካልተነገረ «ቀ² ኦንቱ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያልተሟላ ነው፤ መልስ የለውም።

ትርጉም

ማንኛውም ፈንክሽን ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ እነሱም መነሻ ስብስብ ወይም ዶሜይን፣ መድረሻ ስብስብ ወይም ኮዶሜይን፣ እንዲሁም እያንዳንዱን የመነሻ አባል ከአንድ የመድረሻ አባል ጋር ብቻ የሚያገናኝ ደንብ ናቸው። ፈ ከስብስብ ሀ ወደ ስብስብ መ የሚሄድ ፈንክሽን ይሁን። ይህ በአጭሩ

ፈ : ሀ → መ

ተብሎ ይጻፋል። ፈ ሰርጀክቲቭ የሚባለው፣ በመ ውስጥ ላለ ለማንኛውም አባል ወ፣

ፈ(ቀ) = ወ

የሚያደርግ ቢያንስ አንድ አባል ቀ በሀ ውስጥ ሲገኝ ነው።

በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ቃላት ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው «ማንኛውም» የሚለው ነው። ከሚሊዮን የመድረሻ አባላት አንዱ ብቻ ሳይደረስበት ቢቀር ፈንክሽኑ ሰርጀክቲቭ አይደለም። ሁለተኛው «ቢያንስ አንድ» የሚለው ነው። አንድ ውጤት ላይ ሁለት፣ መቶ ወይም ስፍር ቁጥር የሌላቸው መነሻዎች ቢደርሱም ችግር የለም። እያንዳንዱ ውጤት ቢበዛ አንድ መነሻ ብቻ እንዲኖረው የሚጠይቀው ሌላ ባሕርይ፣ ማለትም አንድ ለአንድ መሆን ወይም ኢንጀክቲቭነት ነው። ሁለቱንም የሚያሟላ ፈንክሽን ባይጀክቲቭ ይባላል።

ፈንክሽኑ በእርግጥ የሚደርስባቸው ውጤቶች ስብስብ ሬንጅ ይባላል። መድረሻ ስብስብ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ሬንጅ ግን ተሠርቶ የሚገኝ ነው። ሬንጁ ምንጊዜም ከመድረሻ ስብስቡ አይወጣም፤ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ፈንክሽኑ ሰርጀክቲቭ ሲሆን ብቻ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ሬንጅ የሚለውን ቃል ለመድረሻ ስብስቡም ስለሚጠቀሙበት፣ አንባቢ ደራሲው ቃሉን በየትኛው ትርጉም እንደያዘው አስቀድሞ ቢያይ ይበጀዋል።

ከዘመን አቆጣጠር የተወሰዱ ምሳሌዎች

ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ በአብዛኛው በማካፈልና ቀሪን በመውሰድ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ደንቦቹ እንዳሉ ፈንክሽኖች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሰርጀክቲቭ ሲሆኑ አንዳንዶቹ አይደሉም።

እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ይሰየማል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚቀር ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። የዚህ ፈንክሽን መነሻ ዓመታት፣ መድረሻው አራቱ ወንጌላውያን ናቸው። ያለ ዓመት የሚቀር ወንጌላዊ ስለሌለ ፈንክሽኑ ሰርጀክቲቭ ነው። አንድ ለአንድ ግን አይደለም፤ 2013ም 2017ም ዘመነ ማቴዎስ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ዓመት መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት የሚሰጠውን ፈንክሽን እንውሰድ። መድረሻው ሰባቱ የሳምንት ዕለታት ናቸው። ዕንቁጣጣሽ በ2013 ዓርብ፣ በ2014 ቅዳሜ፣ በ2015 እሑድ፣ በ2016 ማክሰኞ፣ በ2017 ረቡዕ፣ በ2018 ሐሙስ ይውላል። ከእሑድ ወደ ማክሰኞ የዘለለው 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነና ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ቀን ስለነበረች ነው። 2019 እንደገና ዓርብ፣ 2020 ደግሞ እሑድ ነው። ሰኞ እስካሁን የለም፤ የሚመጣው በ2021 ነው። እንግዲህ መነሻ ስብስቡ ዓመታት ሁሉ ከሆነ ፈንክሽኑ ሰርጀክቲቭ ነው፤ ለሰባቱም ዕለታት ምስክር የሚሆን ዓመት ተገኝቷልና። መነሻው ከ2013 እስከ 2020 ያሉት ስምንት ዓመታት ብቻ ከሆነ ግን ሰርጀክቲቭ አይደለም። ስምንት መነሻ ለሰባት መድረሻ በቁጥር ይበቃ ነበር፤ መብቃት ግን ማዳረስ አይደለም። በዚያው መጠን ለእያንዳንዱ ዓመት ፋሲካ የሚውልበትን ዕለት የሚሰጠው ፈንክሽን ከሰባቱ ዕለታት እሑድን ብቻ ስለሚያውቅ፣ የዓመታቱ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ሰርጀክቲቭ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው አበቅቴ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲቀነስ ወንበር ይገኛል፤ ቀሪ ከሌለ ወንበሩ 18 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ አበቅቴ ይባላል። ለ2017 ዓ.ም. 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ ወንበሩ 11፣ ብዜቱ 121፣ አበቅቴው 1 ነው። በ30 ሲካፈሉ የሚገኙት ቀሪዎች ከ0 እስከ 29 ያሉት 30 ቁጥሮች ስለሆኑ እነሱን መድረሻ ስብስብ እናድርግ። ታዲያ ማንኛውም ቁጥር አበቅቴ ሊሆን ይችላል? አይችልም። ወንበር ከ0 እስከ 18 ያሉትን 19 ዋጋዎች ብቻ ይይዛል፤ 19 መነሻ ደግሞ 30 መድረሻን ሊያዳርስ አይችልም። ተሠርቶ ሲታይ 2፣ 5፣ 8፣ 10፣ 13፣ 16፣ 19፣ 21፣ 24፣ 27 እና 29 ፈጽሞ አበቅቴ አይሆኑም። የአንድን ዓመት አበቅቴ አስልቶ 16 ያገኘ ሰው ካለ፣ ዓመቱን እንኳ ሳንጠይቀው ስሌቱ ላይ እንደተሳሳተ እናውቃለን።

መድረሻውን በሌሎቹ 19 ቁጥሮች ብቻ ብንወስነው ያው ደንብ ሰርጀክቲቭ ይሆናል። ይህ ማጭበርበር ይመስላል፤ በአንድ በኩልም እውነት ነው። የትኛውም ፈንክሽን መድረሻው እስከ ሬንጁ ድረስ ከጠበበ ሰርጀክቲቭ ይሆናል። ስለዚህ «ሰርጀክቲቭ ነው» የሚለው አባባል ቁም ነገር የሚኖረው መድረሻው በሌላ ምክንያት አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከባዱ ሥራም ይኸው ነው፤ ሬንጁ በትክክል እስከ የት እንደሆነ ማወቅ።

አንድ ቀመር፣ የተለያየ ፍርድ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ፈ(ቀ) = ቀ² ከሪል ቁጥሮች ወደ ሪል ቁጥሮች ከሆነ ሰርጀክቲቭ አይደለም፤ ስኩዌሩ −1 የሆነ ሪል ቁጥር የለምና። መድረሻው ዜሮና ከዜሮ በላይ ያሉ ሪል ቁጥሮች ከሆኑ ሰርጀክቲቭ ነው፤ እያንዳንዳቸው ስኩዌር ሩት አላቸው። መነሻውም መድረሻውም 0፣ 1፣ 2፣ 3 … የሚሉት ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ እንደገና አይደለም፤ 2 የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር አይደለም። መነሻውም መድረሻውም ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሲሆኑ ደግሞ ሰርጀክቲቭ ነው። ቀመሩ በአራቱም ላይ ያው ነው፤ ፍርዱ ግን ተለዋውጧል።

የመጨረሻው ሁኔታ ከስኩዌር አልፎ ይሄዳል። በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ቋሚ ያልሆነ ማንኛውም ፖሊኖሚያል ሰርጀክቲቭ ነው፤ የአልጀብራ መሠረታዊ ቲዎረም የሚባለው በሌላ አነጋገር ይኸው ነው። የቁጥር ዓይነቶች የሰፉበት ታሪክ ራሱ በዚህ ዓይን ሊታይ ይችላል። ቀ + 5 በሙሉ ቁጥሮች ላይ 3ን ስለማይደርስበት ኔጌቲቭ ቁጥሮች አስፈለጉ። ማባዛትም በ2 ብቻ እንኳ 7ን ስለማይደርስበት ክፍልፋዮች፣ ቀ² −1ን ስለማይደርስበት ኮምፕሌክስ ቁጥሮች መጡ። በየደረጃው የተፈለገው ሰርጀክቲቭ ያልነበረውን ሰርጀክቲቭ ማድረግ ነው፤ ይህም መፍትሔ ላልነበረው እኩልዮሽ መፍትሔ መስጠት ማለት ነው።

ማረጋገጥና ማፍረስ

አንድ ፈንክሽን ሰርጀክቲቭ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚጀመረው ከመድረሻው ነው። ማንኛውም ወ ይወሰድና ፈ(ቀ) = ወ ለቀ ይፈታል፤ ከዚያም የተገኘው ቀ በእርግጥ በመነሻ ስብስቡ ውስጥ መሆኑ ይታያል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፈ(ቀ) = 3ቀ + 5ን እንይ። ወ = 3ቀ + 5 ሲፈታ ቀ = (ወ − 5) ÷ 3 ይሆናል። በሪል ቁጥሮች ላይ ይህ ሁልጊዜ ሪል ቁጥር ስለሆነ ፈንክሽኑ ሰርጀክቲቭ ነው። በድፍን ቁጥሮች ላይ ግን ወ = 6 ሲሆን ቀ = 1/3 ይወጣል፤ 1/3 ድፍን ቁጥር ስላልሆነ ሰርጀክቲቭነቱ እዚያው ፈረሰ። ለማፍረስ አንድ ያልተደረሰበት ወ ማሳየት ብቻውን በቂ ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ የሚታየው የተለመደ ስህተት ከመነሻው መጀመር ነው፤ «ማንኛውንም ቀ ብንወስድ 3ቀ + 5 የሚባል ውጤት አለው፣ ስለዚህ ኦንቱ ነው» ይባላል። ይህ የሚያሳየው ፈ ፈንክሽን መሆኑን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ መነሻ ውጤት መኖሩ የሁሉም ፈንክሽን ግዴታ ነውና። ሰርጀክቲቭነት የሚጠይቀው ተቃራኒውን ነው፤ ለእያንዳንዱ ውጤት መነሻ።

እኩልዮሹን በቀጥታ መፍታት በማይመችበት ጊዜ ሌላ መንገድ አለ። ለፈ(ቀ) = ቀ² − 4ቀ + 7፣ ቀመሩን (ቀ − 2)² + 3 አድርጎ መጻፍ ሬንጁ ከ3 ጀምሮ ወደ ላይ መሆኑን ወዲያው ያሳያል። ቀ³ + ቀ ላይ ደግሞ መፍታቱ አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን ግራፉ የማይቋረጥ ስለሆነ፣ በአንድ በኩል ያለ ገደብ ስለሚወርድና በሌላ በኩል ያለ ገደብ ስለሚወጣ፣ በመካከል ያለውን ቁጥር ሁሉ ማለፉ ግድ ነው። በግራፍ ላይ ሰርጀክቲቭነት የሚታወቀው፣ በመድረሻው ውስጥ በየትኛውም ከፍታ የተሰመረ አግድም መስመር ግራፉን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲነካ ነው።

በቁጥር ውስን የሆኑ ስብስቦች

መነሻውና መድረሻው ውስን ሲሆኑ መቁጠር ብዙ ይረዳል። ሰርጀክቲቭ ፈንክሽን እንዲኖር የመነሻው አባላት ከመድረሻው አባላት ማነስ የለባቸውም። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሰርጀክቲቭ መሆንና አንድ ለአንድ መሆን አይነጣጠሉም፤ አምስት ሰዎች በአምስት ወንበሮች ላይ ሲቀመጡ ባዶ ወንበር ካልቀረ፣ ሁለት ሰው የተደራረበበት ወንበርም የለም።

አራት ተማሪዎች ሦስት ሥራዎችን፣ ማለትም ሰሌዳ ማጽዳት፣ ወለል መጥረግና ውሃ መቅዳት፣ ቢከፋፈሉና እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥራ ብቻ ቢይዝ፣ ያለ ሠራተኛ የሚቀር ሥራ እንዳይኖር በስንት መንገድ ይደለደላሉ? ያለ ገደብ 3⁴ = 81 ድልድል አለ። አንድ የተወሰነ ሥራ የሚቀርባቸው 2⁴ = 16 ናቸው፤ ለሦስቱ ሥራዎች 48። 81 − 48 = 33 ይሆናል። ነገር ግን አራቱም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሥራ የያዙባቸው 3 ድልድሎች ሁለት ሁለት ጊዜ ስለተቀነሱ አንድ አንድ ጊዜ መመለስ አለባቸው። መልሱ 36 ነው። ይህ የመቀነስና መልሶ የመደመር ስልት ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል።

ወሰን የሌላቸው ስብስቦችና የካንቶር ቲዎረም

ስብስቡ ወሰን ሲያጣ ከላይ ያለው የወንበር ምሳሌ ይፈርሳል። በ0፣ 1፣ 2፣ 3 … ላይ እያንዳንዱን ቁጥር በ2 የሚያባዛው ፈንክሽን አንድ ለአንድ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥሮችን ስለማይደርስባቸው ግን ሰርጀክቲቭ አይደለም። እያንዳንዱን ቁጥር ለ2 አካፍሎ ቀሪውን የሚጥለው ደግሞ ሰርጀክቲቭ ነው፤ 6ም 7ም ወደ 3 ስለሚሄዱ ግን አንድ ለአንድ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሰው «ወሰን የሌለው ስብስብ የፈለገውን ሁሉ ማዳረስ ይችላል» ሊል ይችላል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጌዖርግ ካንቶር እ.ኤ.አ. በ1891 ባቀረበው ማረጋገጫ ይህ ትክክል እንዳልሆነ አሳይቷል። በካንቶር ቲዎረም መሠረት ከማንኛውም ስብስብ ወደ ንዑስ ስብስቦቹ ስብስብ የሚሄድ ሰርጀክቲቭ ፈንክሽን የለም።

ማረጋገጫው አጭር ስለሆነ እዚህ ሙሉውን ማየት ይቻላል። ፈ እያንዳንዱን የሀ አባል ከአንድ የሀ ንዑስ ስብስብ ጋር ያገናኝ። አንዳንድ አባላት በራሳቸው ድርሻ ውስጥ ይገኛሉ፣ ማለትም ቀ በፈ(ቀ) ውስጥ አለ፤ አንዳንዶቹ አይገኙም። በራሳቸው ድርሻ ውስጥ የማይገኙትን አባላት ሁሉ ሰብስበን ሰ እንበለው። ሰ የሀ ንዑስ ስብስብ ነው። ፈ ሰርጀክቲቭ ቢሆን ፈ(ቀ) = ሰ የሚያደርግ አንድ ቀ ይኖር ነበር። ይህ ቀ በሰ ውስጥ አለ? ካለ፣ በራሱ ድርሻ ውስጥ ስላለ በሰ ውስጥ መገኘት አልነበረበትም። ከሌለ፣ በራሱ ድርሻ ውስጥ ስለሌለ በሰ ውስጥ መኖር ነበረበት። ሁለቱም አያስኬድም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቀ የለም፣ ሰም ሳይደረስበት ይቀራል።

ሦስት አባላት ያሉት ስብስብ ስምንት ንዑስ ስብስቦች ስላሉት እዚያ መቁጠር ብቻ ይበቃል። የካንቶር ማረጋገጫ ግን አንድም ነገር አይቆጥርም፤ ስለዚህ ወሰን ለሌላቸውም ይሠራል። ውጤቱም ወሰን የለሽነት አንድ መጠን ብቻ እንዳልሆነና ከእያንዳንዱ የሚበልጥ ሌላ እንዳለ ማሳየቱ ነው። ዛሬ የሁለት ስብስቦች ትልቅነት በአጠቃላይ የሚነጻጸረው በመካከላቸው ባሉ ፈንክሽኖች ዓይነት ነው።

መልሶ የሚመጣ ፈንክሽን

ፈ : ሀ → መ ሰርጀክቲቭ ከሆነ ከእያንዳንዱ ውጤት ወደ አንዱ መነሻው የሚመልስ ፈንክሽን ገ : መ → ሀ መምረጥ ይቻላል፤ ፈ(ገ(ወ)) = ወ ይሆናል። ለወንጌላውያኑ ምሳሌ ማቴዎስን ለ2017፣ ማርቆስን ለ2018፣ ሉቃስን ለ2019፣ ዮሐንስን ለ2020 መስጠት አንዱ ምርጫ ነው። ሌሎች ብዙ ምርጫዎችም አሉ። ሄዶ መመለስ ግን ሁልጊዜ ወደ ተነሡበት አያደርስም፤ ከ2013 ተነሥተን ማቴዎስ ደርሰን ብንመለስ የምናርፈው 2017 ላይ ነው።

መድረሻው ወሰን የሌለውና የመምረጫ ደንብ የማይገኝለት ሲሆን ይህን ያህል ምርጫ በአንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ማንኛውም ሰርጀክቲቭ ፈንክሽን እንዲህ ያለ መላሽ አለው የሚለው አባባል፣ ኤርንስት ዜርሜሎ እ.ኤ.አ. በ1904 በግልጽ ካስቀመጠው የምርጫ አክሲየም ጋር እኩል ነው።

የስሙ አመጣጥ

ኢንጀክቲቭ፣ ሰርጀክቲቭና ባይጀክቲቭ የሚሉት ሦስቱ ቃላት የተስፋፉት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሰባሰቡ፣ በአብዛኛው ፈረንሳውያን የሆኑ የሒሳብ ሊቃውንት ኒኮላ ቡርባኪ በሚል የጋራ የብዕር ስም ባሳተሟቸው መጻሕፍት ነው። «ሰር» በፈረንሳይኛ «ላይ» ማለት ነው፤ መነሻው መድረሻው ላይ ተዘርግቶ ይሸፍነዋል እንደማለት። ኦንቱ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም የያዘው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

መሸፈን የሚለው አነጋገር ከምንገምተው በላይ ሊሄድ ይችላል። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔያኖ እ.ኤ.አ. በ1890 ከ0 እስከ 1 ካለው የቁጥር መስመር ተነሥቶ አንድን ሙሉ አራት ማዕዘን፣ ውስጡን ጭምር፣ ነጥብ ሳያስቀር የሚያዳርስ የማይቋረጥ ፈንክሽን አቀረበ። ስፋት የሌለው መስመር እርሳስ ሳይነሣ ስፋት ያለውን ቦታ ሞላ ማለት ነው። ይህ መስመር ግን አንዳንድ ነጥቦችን ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይረግጥ ማለፍ አይችልም፤ የማይቋረጥ ሆኖ ሰርጀክቲቭም አንድ ለአንድም የሆነ እንዲህ ያለ ፈንክሽን ሊኖር እንደማይችል ኦይገን ኔቶ ከፔያኖ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ አሳይቶ ነበር።